የ1960ዎቹን የእንግሊዝ የቤት መኪና መምረጥ፦ ሮቨር፣ ትራያምፍ ወይስ ጃጓር?

እንግሊዝ አገር የሚኖር መኪና ወዳድ አንድ ቀን ዓይኑ ክላሲክ መኪና ላይ ማረፉ አይቀርም። እሁድ እሁድ ብቻ ከጋራዥ የምትወጣ፣ ኒኬሏ የሚያበራ፣ በሯ ሲከፈት ቆዳና እንጨት የምትሸት መኪና ሰፈሩ ውስጥ ያያል። ማታ ኢንተርኔት ገብቶ ዋጋ ማየት ይጀምራል። ግራ መጋባቱም የሚመጣው ያኔ ነው። ማስታወቂያው ብዙ ነው። ፎቶው ሁሉ ያማረ ነው። ሻጩ ሁሉ «ምንም አይወጣላትም» ይላል።

እዚህ ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው ሮቨር ፒ6፣ ትራያምፍ 2000፣ ጃጓር ማርክ 2 ከእህቷ ከዴምለር ጋር፣ እንዲሁም ትልቋ ሮቨር ፒ5ቢ ናቸው። ሁሉም ባለአራት በር ናቸው። በዘመናቸው ሐኪሙ፣ ጠበቃውና የባንክ ሥራ አስኪያጁ ይነዷቸው ነበር። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መኪናዋን ከመምረጥ በፊት ፋብሪካዋን ማወቅ ይበጃል። የፋብሪካ ታሪክ የወሬ ማድመቂያ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ገንዘቡን የት እንዳፈሰሰና የት እንደቆጠበ ያወቀ ሰው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ዝገቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሮቨር ፒ6፦ የመሐንዲሶች መኪና

ሮቨር የጀመረው በብስክሌት ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እና ዊልያም ሳተን በ1878 ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። በ1885 «ሮቨር» የሚባል ብስክሌት አወጡ። ሁለቱ ጎማዎቹ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ሲሆኑ፣ የኋላው ጎማ የሚዞረው በሰንሰለት ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየው ብስክሌት በሙሉ ቅርጹን የወረሰው ከዚያ ነው። ስታርሊ በ1901 ስላረፈ የመጀመሪያዋን የሮቨር መኪና ለማየት አልታደለም። እሷ የወጣችው በ1904 ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ወደ ሶሊኸል ተዛወረ። ይመሩት የነበሩት ስፔንሰርና ሞሪስ ዊልክስ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በ1948 አምስተርዳም ላይ ላንድሮቨርን አሳዩ። ያቺው የኢትዮጵያን የገጠር መንገድ ስትፈጭ የኖረችው ላንድሮቨር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በጋዝ ተርባይን፣ ማለትም በአውሮፕላን ዓይነት ሞተር የምትሄድ መኪና ሠርተው ለሕዝብ አቀረቡ። የሮቨር ሰዎች እንዲህ ነበሩ። ከላይ ሲታዩ ጨዋና ወግ አጥባቂ፣ ወርክሾፓቸው ውስጥ ግን ማንም ያልሞከረውን የሚሞክሩ።

ፒ6 በ1963 ስትወጣ ይህ ጠባይ በሙሉ ታየባት። መሐንዲሶቹ አንድ ቀን ተርባይን ይገባባት ይሆናል ብለው የሞተሩን ክፍል ሰፊ አድርገው ነበር። ቦታ ለመቆጠብም የፊት ሞላዎቹን አጋድመው ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ጋር አስደገፏቸው። ኮፈኑን ከፍተው ቢያዩ እስከ ዛሬ እዚያው ተኝተዋል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ደ ዲዮን የሚባለው አክስል ሲሆን፣ ዲፈረንሻሉ ከቦዲው ጋር ታስሮ ጎማዎቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የኋላ ፍሬን ዲስኮቹም ጎማው ውስጥ ሳይሆኑ መሃል ላይ፣ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ናቸው። በዚያ ዘመን በዚያ ዋጋ ይህን ያህል ሥራ የፈሰሰበት የቤት መኪና ማግኘት ከባድ ነበር። የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ሽልማት በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደችውም እሷ ናት።

ተርባይኑ ገበያ ላይ አልወጣም። ሰፊው ቦታ ግን ባዶውን አልቀረም። የሮቨር ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ማርቲን-ኸርስት አሜሪካ ውስጥ የጀልባ ሞተር ፋብሪካ ሲጎበኝ ቢዊክ የተባለው የአሜሪካ መኪና አንድ ቪ8፣ ማለትም ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ወለል ላይ ተቀምጦ አየ። 3.5 ሊትር ነው፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፣ ቀላል ነው። የቢዊክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ማምረቱን ትቶት ስለነበር ሮቨር መብቱን ገዛ። ሞተሩ መጀመሪያ ፒ5 ላይ ገባ፣ በ1968 ደግሞ ፒ6 ላይ ገብቶ 3500 የምትባለው ተወለደች። ያው ሞተር እየተሻሻለ በሬንጅ ሮቨርና በዲስከቨሪ ላይ እስከ 2000ዎቹ ድረስ ሠርቷል። ለገዢ ትልቁ ዜና ይህ ነው፤ መለዋወጫው ሞልቷል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። በፒ6 ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት የፈለግሁት ብዙ ሰው የሚታለለው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።

የፒ6 ላሜራ ሸክም አይሸከምም። ቆርቆሮው ቢነቀል ማገሩና ወራጁ ብቻውን እንደሚቆም ቤት ማለት ናት። በሮቹ፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ ኮፈኑ፣ ጣሪያው ሳይቀር በብሎን ይፈታሉ። ከሥር የሚቀረው አጽም ነው መኪናውን የሚሸከመው። ይህ ለጠጋኝ በረከት ነው፣ የተጎዳ ፓራፋንጎ በሰዓታት ውስጥ ይቀየራልና። ለገዢ ግን ወጥመድ ነው። አጽሟ የበሰበሰ መኪና ላይ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ማሰር ይቻላል። ኮፈኑና የኋላው ክዳን አሉሚኒየም ስለሆኑ ደግሞ አይዝጉም፣ እነሱን አይቶ «ንጹሕ ናት» ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ ፒ6 ሊያዩ ሲሄዱ ባትሪ መብራት ይያዙ። ሻጩን አስፈቅደው የኋላውን መቀመጫ ከሥሩ ያንሱ። ከመቀመጫው ሥር ያለው ወለልና ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ጥግ የመኪናዋን እውነት ይናገራል። ብረቱ ደረቅና የፋብሪካ ቀለሙን የያዘ ከሆነ ጥሩ ነው። ወፍራም ጥቁር ቅብ ተለቅልቆ ካገኙት በጣትዎ ጫን ይበሉት። የሚሰረጎድ ከሆነ ብየዳ ይጠብቅዎታል። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጠው የበሩን ሥር ቦክስ ከውስጥ ይመልከቱ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው መቆለፊያው የሚይዝበትን ቋሚ ከላይ እስከ ታች በመብራት ይፈትሹ። የዕቃ መጫኛውን ወለልና ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎችም አይዝለሉ። የበሩ ሥር ቦክስ ላይ ያለው ሽፋን ይፈታል። የሚፈታው ነገር ፈትቶ ለማሳየት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ አመስግነው ይሂዱ።

የኋላ ፍሬኑ ሌላው ጉዳይ ነው። መሃል ላይ ያሉ ዲስኮች ለአነዳድ ድንቅ ናቸው፣ ለመካኒክ ግን ስቃይ ናቸው። እጅ እንኳ በቅጡ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ዘይት ካፈሰሰ ዘይቱ የሚረጨው በቀጥታ ዲስኩ ላይ ነው። መኪናዋ ሥር ገብተው ይዩ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ቪ8ቱ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረና ራዲያተሩ ውስጥ ትክክለኛው ፀረ-ዝገት ፈሳሽ ካለ ረጅም ዕድሜ አለው። ዝም ብሎ ውሃ የተሞላበት አሉሚኒየም ግን ከውስጥ ይበላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር ተጋግሮ ካዩ ካምሻፍቱ ተበልቷል ብለው ይገምቱ። ባለአራት ሲሊንደሩ ፒ6 2000 በጣም ይቆጥባል፣ ድምፁ ግን ሻካራ ነው፣ ቪ8ቱን የነዳ ሰው ወደ እሱ መመለስ አይሆንለትም። 3500 ሲገዙ አብዛኛዎቹ ባለሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ናቸው። ከ1971 ጀምሮ የመጣችው 3500ኤስ በእጅ የሚቀየር ካንቢዮ አላት፣ ዋጋዋም ከፍ ይላል።

ውስጧን ልጥቀስና ልለፍ። የኋላው መቀመጫ ለሁለት ሰው ተቀርጾ የተሠራ ነው፣ ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ያስብበት። የዕቃ መጫኛዋም ጠባብ ነው። የፊት መብራቶቿ ጥግ ላይ፣ በፓራፋንጎው አናት ያሉት የፍሬቻ መብራቶች ግን ጫፋቸው ከሾፌሩ ወንበር ይታያል። ማታ መኪናዋ የት እንደምታበቃ ያሳውቃሉ፣ መብራቱ መሥራቱንም ሾፌሩ ከወንበሩ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ስለሾፌሩ ከልቡ ያሰበ ሰው ነው።

ትራያምፍ 2000፦ ቆጣቢዋ ተፎካካሪ

ትራያምፍም ከኮቨንትሪ ነው፣ እሱም በብስክሌት ነው የጀመረው። መሥራቹ ሲግፍሪድ ቤትማን ከጀርመን ኑረምበርግ የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ በ1913 የኮቨንትሪ ከንቲባ እስከመሆን ደርሷል። በ1902 ሞተር ሳይክል፣ በ1923 መኪና መሥራት ጀመሩ። የመኪናው ክፍል በ1939 ከሠረ። በ1944 ስታንዳርድ የሚባል ሌላ የመኪና ፋብሪካ ገዛው፣ በ1961 ደግሞ ሁለቱንም ጭነት መኪና ሠሪው ሌይላንድ ጠቀለላቸው።

ገንዘብ ያጠረው ቤት ብልሃት ይማራል። ትራያምፍ 2000 ለንደን አውደ ርዕይ ላይ የታየችው ከሮቨር ፒ6 ጋር በአንድ ወር፣ ጥቅምት 1963 ነው። መጠናቸው ተቀራራቢ፣ ሞተራቸው ሁለቱም 2 ሊትር። ሮቨር ሁሉን ነገር ከባዶ ሲሠራ ትራያምፍ ግን ባለስድስት ሲሊንደሩን ሞተር ቫንጋርድ ከምትባለው የስታንዳርድ መኪና ወሰደ። ገንዘቡን ያፈሰሰው ቅርጹ ላይና የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት አሠራር ላይ ነው። ቅርጹን የሣለው የቱሪኑ ጆቫኒ ሚኬሎቲ ነው። ውጤቱ ያማረ ነው። ስድስቱ ሲሊንደር ከሮቨር አራት ሲሊንደር ይልቅ ለስላሳ ነው። ለአምስት ሰው ትመቻለች፣ ዕቃ ትይዛለች፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ የስቴሽን ዋገን ቅርጽ ያላትም አለች።

ትራያምፍን ሲያዩ መጀመሪያ የሚደረግ አንድ ምርመራ አለ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጓደኛዎ ፍሪሲዮኑን ይርገጥና ይልቀቅ። እርስዎ ከፊት ቆመው ቀበቶው የሚዞርበትን ፑሊ ይመልከቱ። ፑሊው ፍሪሲዮኑ በተረገጠ ቁጥር ወደፊት ብቅ ወደኋላ እልም የሚል ከሆነ፣ ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ቀጫጭን ግማሽ ቀለበቶች አልቀዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ርካሽ ጥገና ነው። ካለፈ ግን ቀለበቱ ወድቆ ኮሎውና የሞተሩ ብሎክ አብረው ይበላሻሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1968 የመጣችው 2.5 ፒአይ ሉካስ የሠራው የነዳጅ መርጫ ሲስተም ነበራት። ፈጣን ናት። በ1970 ከለንደን ሜክሲኮ በተደረገው ረጅም ራሊ ላይ ሁለተኛ የወጣችው ይህችው መኪና ናት። ችግሯ የነዳጅ ፓምፑ ነው፣ ሲሞቅ ይደክማል። ብዙ ባለቤት ተማሮ ወደ ካርቡራተር ቀይሮታል። ዛሬ ሲስተሙን በደንብ የሚያውቁ ባለሙያዎች ስላሉ የሚሠራ ፒአይ ማግኘት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን 2500ኤስን እመክራለሁ፣ በ1975 የወጣች ባለካርቡራተር ናት፣ ራስ ምታት የላትም።

ዝገቷ ግልጽ ነው። የበር ሥር፣ የኋላ ጎማ ዙሪያ፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ የኋላ እግሮቹ የሚታሰሩበት ቦታ። ላሜራው ከቦዲው ጋር የተበየደ ስለሆነ እንደ ፒ6 የሚደብቀው ነገር የለም፣ የበሰበሰው ይታያል። ዋጋዋም ከአራቱ ዝቅተኛው ነው።

ስለሁለቱ ፋብሪካዎች የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1967 ሌይላንድ ሮቨርንም ገዛ። በ1968 ደግሞ ጃጓር የነበረበት ሌላው ቡድን ተጨምሮ ሁሉም ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል አንድ ግዙፍ ድርጅት ሆኑ። ፒ6ና ትራያምፍ 2000፣ ደንበኛ የሚሻሙ ሁለት ጠላቶች፣ በአንድ ጀንበር የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ። ሁለቱም በ1977 አበቁ። የሚተካቸው አንድ መኪና ብቻ ነበር፣ እሱም የሮቨርን ስም ያዘ። ብሪቲሽ ሌይላንድ በ1975 በመንግሥት እጅ ገብቶ ነበር፣ የሮቨር መኪኖችን ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ኩባንያ በ2005 ከሠረ። ለገዢ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ተግባራዊ ነው። የ1960ዎቹ መኪኖች በአሮጌዎቹ ቤቶች ወግ ተሠርተዋል። የ1970ዎቹ አጋማሽ መኪኖች ላይ ግን የሥራ ማቆም አድማውና የበጀቱ ቅነሳ ይታያል፣ ቀለማቸውንና የውስጥ ዕቃቸውን ጠበቅ አድርገው ይዩ።

ጃጓር ማርክ 2፦ ውበት በቅናሽ

የጃጓር መሥራች ዊልያም ላየንስ መሐንዲስ አልነበረም። ዓይን ያለው ሰው ነበር። በ1922 ብላክፑል ውስጥ ከዊልያም ዋልምስሊ ጋር የሞተር ሳይክል ጎን ተሳፋሪ መቀመጫ እየሠሩ ጀመሩ። በ1928 ወደ ኮቨንትሪ መጡ። ጃጓር የሚለው የሞዴል ስም የመጣው በ1935 ነው፣ ኩባንያው በሙሉ በዚያ ስም የተጠራው ግን በ1945 ነው። ላየንስ ቅርጽ የሚያወጣው በወረቀት ብቻ አልነበረም። ከላሜራ ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ሙሉ መጠን ያለው ሞዴል አስቁሞ፣ ዞሮ እያየ፣ እዚህ ጨምር እዚያ ቀንስ እያለ ነበር። ዋጋውም ሰውን የሚያስደንቅ ነበር። ተመሳሳይ ኃይልና ምቾት ያላቸው መኪኖች ከጃጓር በጣም ይወደዱ ነበር።

በ1948 የወጣው ኤክስኬ ሞተር ደግሞ ኃይሉን ሰጠው። በ1950ዎቹ ጃጓር ለ ማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ አምስት ጊዜ ሲያሸንፍ የተጠቀመው በዚሁ ሞተር ነው። የካቲት 1957 ብራውንስ ሌን ፋብሪካ ላይ ከባድ እሳት ተነሳ፣ ሥራው ግን ብዙም ሳይቆይ ቀጠለ። ማርክ 2 በ1959 ወጣች። ባለ3.8 ሊትሯ 220 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ቤተሰብ የምትጭን መኪና ናት ይህን የምታደርገው። አራቱም ጎማዋ ላይ ዲስክ ፍሬን አለ። ባንክ ዘራፊዎች ወደዷት፣ ፖሊሶችም እነሱን ለመያዝ ገዟት።

አሁን ታሪኩን ከዝገቱ ጋር እናገናኝ። ላየንስ ገንዘቡን ያፈሰሰው ዓይን የሚያርፍበትና እግር የሚረግጠው ላይ ነው። ቅርጹ፣ እንጨቱ፣ ቆዳው፣ ሞተሩ። የማይታየው ላሜራ ውስጥ ግን እርስ በርስ የተደራረቡ፣ ውሃና ጭቃ የሚገባባቸው፣ ከፋብሪካ በቂ መከላከያ ያልተቀቡ ጉድጓዶች በዝተዋል። ከፊት ባምፐሩ በስተኋላ ያለው ማገር፣ የክሪክ ቦታዎች፣ የበር ሥር፣ የኋላ ባልስትራው የሚገባበት ቦታ፣ አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ የሚታሰርበት ቦታ። እነዚህ ከበሰበሱ የጥገናው ዋጋ የመኪናዋን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ባለሙያ ሳያስይዙ ጃጓር አይግዙ።

ሞተሩን ሲያስነሱ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ። ሲሞቅና በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ሲደርስ የዘይት ግፊቱ 40 ፒኤስአይ አካባቢ መቆየት አለበት። ከፊት የሰንሰለት መንኳኳት ከሰሙ ሥራው ትልቅ ነው። እስከ 1965 ድረስ የነበረው በእጅ የሚቀየር ካንቢዮ ዘገምተኛ ነው፣ አንደኛ ማርሹ መኪናዋ ሳትቆም በቀላሉ አይገባም። መሪው ያለ ፓወር ስቲሪንግ ፓርክ ሲያደርጉ ክንድ ይፈትናል።

ባለ2.4 ሊትሯን ርካሽ ናት ብለው አይጓጉ። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እንኳ አትደርስም፣ ዝገቷና የጥገና ወጪዋ ግን ከ3.8 ጋር እኩል ነው። በ1967 የመጡት 240ና 340 የሚባሉት የማርክ 2 ዓይነቶች ቀጫጭን ባምፐር አላቸው፣ መቀመጫቸውም ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ነው። ላየንስ ዋጋ ለመቀነስ ያደረገው ነው። ለዓይን ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ለኪስ ግን ይሻላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስባትን ዴምለርን አንሳ ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ጃጓር በ1960 ዴምለርን ገዛ። ዴምለር ኤድዋርድ ተርነር የነደፈው 2.5 ሊትር ቪ8 ሞተር ነበረው። ተርነር ስሙን ያተረፈው በትራያምፍ ሞተር ሳይክሎች ነው። ይህን ሞተር ማርክ 2 ቦዲ ውስጥ አስገብተው በ1962 ለገበያ አቀረቡት። ሞተሩ ከኤክስኬ ይቀላል፣ ስለዚህ የፊቷ ጫና ቀንሶ መሪዋ ይለዝባል። ድምፁ እንደ ሐር ነው። አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። የነዷቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋና ቀስ ብለው የሚነዱ ነበሩ። በእንክብካቤ የተያዘች ማርክ 2 ቅርጽ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዴምለር ይፈልግ። ዝገቱ ያው ነው፣ ምርመራው ያው ነው።

ሮቨር ፒ5ቢ፦ የጠቅላይ ሚኒስትሮቹ

ፒ5 በ1958 ወጣች፣ በ1967 ቪ8ቱ ሲገባባት ፒ5ቢ ተባለች። ከሃሮልድ ዊልሰን እስከ ማርጋሬት ታቸር ያሉ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተጓጉዘውባታል። በ1973 ምርቱ ሲቆም መንግሥት የመጨረሻዎቹን ገዝቶ አስቀምጦ በየጊዜው እያወጣ ይጠቀምባቸው ነበር። በ1979 ታቸር ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ፣ ዳውኒንግ ስትሪት የደረሱት በዚህች መኪና ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥም ራሳቸው የሚነዷት ፒ5ቢ ነበረቻቸው።

ከባድ ናት፣ ዝግ ያለች ናት፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ግን ውስጧ ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው የሚሰማው ጸጥታ ሌላ ነው። ክሩስኮቷ ላይ የምትሳብ መሳቢያ አለች። ውስጧ ቁልፉ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው እያንዳንዱ በየቅርጹ በተቀረጸለት ቦታ ተኝቷል። መሣሪያዎቹ ሳይጎድሉ ካገኙ የመኪናዋ ባለቤቶች ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ይነግርዎታል። እኔ ፒ5ቢ ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው ያችን መሳቢያ ነው። ጣሪያዋ ዝቅ ያለው ኩፔ ታምራለች፣ ረጅም ሰው ከኋላ ቢቀመጥ ግን ራሱ ይነካል።

ታዲያ የትኛዋ?

በየሳምንቱ መንዳት፣ ረጅም መንገድ መሄድና አሠራሯን መረዳት ለሚወድ ሰው ፒ6 3500 የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት። አጽሟ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ከዛሬ መኪኖች ጋር በአውራ ጎዳና እኩል ትሄዳለች፣ ትቆማለችም። በጀቱ ጠበብ ያለና ልጆች ያሉት ሰው ትራያምፍ 2500ኤስ ይያዝ፣ አይቆጭም። ጃጓርን የሚገዛ ሰው በልቡ ጃጓር ስለሚፈልግ ይግዛ እንጂ ዋጋዋ ይጨምራል ብሎ አይግዛ። ሰርግና በዓል ላይ በክብር ለመድረስ ፒ5ቢን የሚያህል የለም።

ከሞዴሉ ይልቅ የሚከብደው ግን አያያዙ ነው። በጥሩ ሁኔታ የኖረች ትራያምፍ በስቱኮ ከተደፋፈነች ጃጓር ትበልጣለች። «ታድሳለች» ከምትባለው ይልቅ «ኖራለች» የምትባለዋን ይፈልጉ። የመጀመሪያ ቀለሟ እዚህም እዚያም የደበዘዘ፣ መቀመጫዋ በአንድ ሾፌር ቁጭታ የተሰነጣጠቀ፣ የጥገና ደረሰኟ በወፍራም ፋይል የተያዘ መኪና ምንም አትደብቅም። አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ ከሌላት ግን በግምት መግዛት ነው። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በበሩ ሥርና በጎማው ዙሪያ ያስጠጉ። የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። የፒ6 ኮፈን አሉሚኒየም መሆኑን ግን እንዳይረሱ።

ሕጉ ለእነዚህ መኪኖች ደግ ነው። እንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 40 ዓመት የሞላቸው መኪኖች በታሪካዊ መኪናነት ከተመዘገቡ የመንገድ ግብር አይከፍሉም። ትልቅ ለውጥ ካልተደረገባቸው ኤም ኦ ቲ የሚባለው ዓመታዊ የመኪና ምርመራም ግዴታ አይደለም። ለንደን ውስጥ ጭስ የሚያበዙ መኪኖች የሚከፍሉትን የዩሌዝን ክፍያም አይከፍሉም። ሆኖም ለገንዘብ ለሰርግ ማከራየት ካሰቡ የግብር ነፃነቱ ለንግድ ሥራ አይሠራም፣ አስቀድመው ይጠይቁ። ምርመራው ግዴታ ባይሆንም በፈቃደኝነት በየዓመቱ የሚያስመረምር ሻጭ እምነት የሚጣልበት ነው። የድሮ የምርመራ ውጤቶችን በሰሌዳ ቁጥሩ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። «የበር ሥር ዝገት» የሚል ማስታወሻ በየዓመቱ እየተደጋገመ ቆይቶ ድንገት ከጠፋ፣ ማን በየደው፣ እንዴት በየደው ብለው ይጠይቁ።

አገር ቤት እወስዳታለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ሐሳቡን ይተው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ኢንሹራንስ ሲገቡ ዋጋዋን አስቀድመው ከኩባንያው ጋር የሚስማሙበትን ዓይነት ይምረጡ። ተራው ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ይተምናታል። ቤንዚን ሲቀዱ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በየማደያው የሚሸጠው ተራው ቤንዚን ኢ10 ነው፣ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፣ የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ይበላል። ሱፐር የሚባለውን ኢ5 ይቅዱ። የሮቨር ቪ8ና የጃጓር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ሆኖ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ስላለው እርሳስ የሌለው ቤንዚን አይጎዳውም። የትራያምፍ ቴስታታ ግን ብረት ነው። መቀመጫዎቹ ተቀይረው እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፣ ካልተቀየሩ ማሟያ ፈሳሽ እየጨመሩ ይንዱና ቴስታታው ለሌላ ሥራ በወረደ ጊዜ ያስቀይሯቸው።